ያልሰማሁት ሰንሰለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከጋራዡ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ወንድምሽም በአካሉ ምንም አልሆነም። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ፣ እያነበብሽ ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው።

ለእናትሽ “አባዬ ሊያናግረኝ አይፈልግም፤ በቅጡ ሳያወራኝ ስልኩን ላንቺ ይሰጣል” ብለሻት ነግራኛለች። በመሄድሽ እንደተቀየምኩሽ ነው የምታስቢው። ስትሄጂ መቀየሜን አልክድሽም፤ ግን ቂሜ ሦስት ወር እንኳ አልቆየም። ስልኩን የማቀብላት ስለማልሰማሽ ነው ልጄ። ድምፅሽ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም፤ ከግድግዳ ጀርባ የሚያወራ ሰው ትሆኚብኛለሽ። “እሺ፣ እሺ፣ በርቺ” እልና ለእናትሽ አሳልፌ እሰጣለሁ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው። ለማንም አልተናገርኩም። ሠላሳ ሦስት ዓመት “ባለ ጆሮው” እየተባለ የኖረ መካኒክ፣ ከሌላ ጋራዥ እንኳ መኪና እየጎተቱ “እስቲ ስማልን” የሚሉት ሰው፣ ጆሮዬ ደከመ ብሎ በየት በኩል ይናገራል? ደግሞም ሁሉም አልጠፋብኝም። ወፍራሙን ድምፅ እሰማለሁ። የከዳኝ ቀጭኑ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነበር። በእኔ ላይ ግን በሌላ መንገድ ደረሰ።

ወንድምሽ ጠዋት ጠዋት አስተማሪዎችን ወደ ተራራው ትምህርት ቤት የሚያመላልስበትን የናፍጣ መኪና ታውቂዋለሽ። ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ መጥቶ፣

“አባዬ፣ ጠዋት ሳስነሳው ሞተሩ ይንሿሿል” አለኝ።

“እንዴት አድርጎ?”

“ቆርቆሮ ውስጥ ምስማር ጨምረህ እንደምትነቀንቀው። ሦስት አራት ሰከንድ ይቆይና ጸጥ ይላል።”

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ከፍቼ ቆምኩ። አስነሳው። “ይኸው! ሰማኸው?” አለኝ። እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን ዘንበል አደረግኩ። ከወፍራሙ የሞተር ድምፅ በቀር ምንም የለም።

“ዘይቱ ቀዝቅዞ ነው። ሲሞቅ ይተዋል” አልኩት።

“መተዉንማ ይተዋል። እኔን ያስፈራኝ መተዉ ነው” አለኝ።

እውነቱን ነበር። ለስንቱ መካኒክ ያስተማርኩት ነገር ነው። የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ዘንግ እኩል የሚያስኬድ ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ደግሞ የዘይት ግፊት ነው። መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ይወርዳል። ሰንሰለቱ ካረጀና ከረዘመ፣ ጠዋት ዘይቱ እስኪደርስለት ድረስ ላልቶ የሞተሩን ክዳን ይገርፋል። ሲደርስለት ይወጠርና ዝም ይላል፤ ባለቤቱም “ተሻለው” ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሌላ ሰው ይህን ቢነግረኝ ሳይጨርስ “ሰንሰለት ነው፣ ሁለተኛ እንዳታስነሳው” ባልኩት ነበር። ያለ ጆሮም ቢሆን ንግግሩ ብቻ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ልጄን ከማመን ጆሮዬን ማመን መረጥኩ።

በሁለት ሳምንቱ መኪናው ለመነሳት ማስቸገር ጀመረ። ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። በጋራዡ የኤሌክትሪክ ሥራ የምትሠራው ልጅ ኮምፒውተሯን ሰክታ አየችው።

“ጋሼ፣ የላይኛውና የታችኛው ዘንግ አልተገናኙም ነው የሚለው። ሰንሰለቱ ረዝሞ እንዳይሆን” አለችኝ።

“ሴንሰር ነው። ሞተር የሚታወቀው በጆሮ እንጂ በስክሪን አይደለም” አልኳት። ሰው ፊት ነበር ያልኳት፤ እሷም አንገቷን ደፋች። ሴንሰሩን ቀየርኩ፤ መብራቷን አስጠፋኋት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መብራቷ በአራተኛው ቀን ተመልሳ በራች። ወንድምሽም አባቱ ያየውን መኪና ምን ሆነ ብሎ ይጠራጠራል?

የዚያን ሐሙስ ጠዋት እናትሽ በሩን ልትዘጋለት ወጣች። መኪናው ከግቢው እንደወጣ ፊቷን አጨማድዳ ተመለሰች።

“አንተ ሰውዬ፣ ይህን መኪና ምን ብታደርጉት ነው ጥርስ የሚያፋጨው? አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን በላው።”

“ምኑ ነው የሚያፋጨው?”

ትክ ብላ አየችኝ። ልጄ፣ አርባ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

“አትሰማም እንዴ?” አለች ቀስ ብላ። “አሁን ይህንንም አልሰማህም?”

ለካ ስልኩን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የበሩን ደወል፣ ሁሉንም ስታስተውል ኖራለች። ያላወቀችው ጋራዥም እንደማልሰማ ነው። እኔ ግን ስለ ጆሮዬ ማሰብ ያኔ አልቻልኩም። ሰባት አስተማሪና ወንድምሽ ተራራው ላይ ናቸው። ስልክ ደወለችለት፤ እየነዳ አያነሳም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋን ለምኜ በእሷ ፒክአፕ ተከተልናቸው።

መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ድንጋይ ነው። በየጠመዝማዛው ወደ ታች እያየሁ ነበር የምሄደው። አንዳች ነገር የሚያብለጨልጭ ባየሁ ቁጥር መኪናው ይመስለኛል፤ ኋላ ሳየው ውሃ ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ልጅቱ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትነዳለች። ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሰንሰለቱ ቢዘል ወይ ቢበጠስ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፤ ሞተሩ እዚያው ይሞታል። ሞተሩ ሲሞት መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ፍሬኑም አንዴ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ እግር አይቀበልም። ሜዳ ላይ ከሆነ ሰው ወርዶ ይገፋል። ቁልቁለት ላይ ግን...

ስንደርስ መኪናው የትምህርት ቤቱ በር ላይ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ቆሟል። አስተማሪዎቹ ገብተዋል። ወንድምሽ ሊመለስ ቁልፉን ሰክቶ ተቀምጧል። መስታወቱን በመዳፌ መታሁት።

“አታስነሳው! እጅህን አንሳ! ውረድ!”

ደንግጦ ወረደ። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቼ በባትሪ አበራሁ። ሰንሰለቱ በጣቴ ሲነካ እንደ አንገት ሐብል ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከክዳኑ ሥር ጥቁር የፕላስቲክ ስባሪ በጣቴ ወጣ፤ ሰንሰለቱን የሚመራው ፕላስቲክ ተፈረካክሷል ማለት ነው። ወንድምሽ ስባሪውን አየ፤ ቁልቁለቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። “ግን አይተኸው ነበር እኮ” አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህም ስለዚህ ነገር ምንም አላለኝም።

አስጎትተን አወረድነው። ሰንሰለቱ ያለው በጊርቦክሱ በኩል ስለሆነ ሞተሩን ማውጣት ግድ ነበር፤ አራት ቀን ፈጀብን። ሰንሰለቱን፣ መሪ ፕላስቲኮቹን፣ ወጣሪውን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ጥርሶች ሁሉ ቀየርን፤ ያረጀ ጥርስ አዲስ ሰንሰለት ይበላልና። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳም አውርደን ስናይ የዘይቱ ማጥለያ በስባሪ ግማሹ ተደፍኗል። ይህንንም ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም ነበር፤ ዘይቱ ጊዜውን ጠብቆ መቀየር አለመቀየሩን ብጠይቅ በቂ ነበር።

አሮጌውን ሰንሰለት በእጄ ይዤ ሳለ ነው ቀያሹ ትዝ ያለኝ።

አንቺ ከመሄድሽ በፊት መሬት የሚለካው፣ ሁልጊዜ ኮቱ ላይ እርሳስ የሚሰካው ሰውዬ ነበር፤ ታስታውሺዋለሽ። የእሱም መኪና ያንኑ ዓይነት ሞተር ነበረው። ከዓመት ከስምንት ወር በፊት መጥቶ “ጠዋት ጠዋት ይንሿሿል” አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አንገቴን ዘንበል አደረግኩ። “ንጹህ ነው” አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከዚያው ቁልቁለት ወደ ገደሉ ወረደ። ፍሬን የያዘበት ምልክት አልተገኘም ተባለ። ስለዚህ ጠጥቶ ነው፣ ሲበር ነው፣ ተኝቶበት ነው፣ ያልተባለ የለም። እኔም ቀብር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሞተሩን ግን ማንም አልከፈተውም።

ሁለት ቀን እህል አልበላልኝ አለ። በሦስተኛው ቀን ለእናትሽ ነገርኳት። “ተነስ፣ አብሬህ እሄዳለሁ” ብቻ ነው ያለችኝ።

የቀያሹ ሚስት የመኪናውን ቅሪት ጓሮዋ ውስጥ ሸራ አልብሳ አስቀምጣዋለች። በሩን ስትከፍት የሁለታችንን ፊት አይታ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ፈቃዷን ጠየቅኩ። ሸራውን ገለጥኩ፤ በተጨማደደው ብረት መካከል የሞተሩን የላይ ክዳን ለመፍታት አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ክዳኑ ሲነሳ ሰንሰለቱ የለም። ወደ ታች ወድቆ ተጠቅልሏል፤ በሽቦ ስቤ አንዱን ጫፉን አወጣሁት። የተበጠሰ ጫፍ ነበር።

“ባለቤትሽ አልጠጣም ነበር” አልኳት። “ሞተሩ ነው የሞተበት። ፍሬኑ እምቢ አለው። ከዚያ በፊት እኔ ጋ መጥቶ ይንሿሿል ብሎኝ ነበር። ጆሮዬ አይሰማም ነበር፤ ደህና ነው አልኩት።”

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉን አልያዝኩትም። እናትሽ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተጠግታ፣ የራሷ ድምፅ እየተሰበረ ደገመችልኝ።

“‘ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ መቃብሩ ላይ እየሄድኩ ስቆጣው ኖርኩ’ ነው የምትልህ። ‘ለልጆቼም አባታችሁ ጠጥቶ ጥሏችሁ ሄደ አልኳቸው’ ነው የምትልህ።”

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ሰንሰለቱን ከእጄ ተቀብላ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ይዛው ገባች። እኛም በሩን ዘግተን ወጣን። በማግስቱ ልካብኝ፣ ሐሙስ ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አብሬያት ሄጄ ይህንኑ በጽሑፍ እንድሰጥ ጠየቀችኝ። እሺ ብያታለሁ። እናትሽ “እውነት ተናግረህ ምን ይሉሃል፣ ምንም አይሉህም” ትለኛለች። ግን ወፍራሙን ሹራቤንና ሁለት ካልሲ አጥባ፣ አጥፋ፣ በትንሿ ቦርሳ ከበሩ ጀርባ አስቀምጣዋለች። እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው። ጆሮዬ ከከዳኝ ወዲህ ያየኋቸውን መኪኖች በደብተሬ ስፈልግ፣ ያን ሞተር የያዙ አሥራ አንድ አገኘሁ። የወንድምሽንና የቀያሹን አውጪ። ስምንቱን ቤት ለቤት ሄደን አየን፤ እናትሽ ከጎኔ ቆማ ታዳምጣለች፣ እኔ እከፍታለሁ። ሁለቱን ቁልፋቸውን ተቀብለን አስቁመናል። የጠፋው አንዱ ነው። ባለቤቱ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ እንደሸጠው ነገረኝ፤ የገዛውን ሰው ስልክ የለውም። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የኋላ በሩ በግራ በኩል ተጨርምቷል፤ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት አለው። የገዛው ሰው ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ መጥቶ ነው አሉ የወሰደው።

ከተማው ትልቅ መሆኑን አውቃለሁ። በየጋራዡ ጠይቂ፤ ጠዋት ስትወጪ ጆሮሽን ጣይ። እኔ ያጣሁት ጆሮ አንቺ ጋ አለ። ገና ሲነሳ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ምስማር ተንሿሽቶ ጸጥ የሚል የናፍጣ መኪና ከሰማሽ አታፍሪ፣ ሮጠሽ መስታወቱን ምቺው። እብድ ናት ቢልሽም ይበል። አባቴ ነው ያየው፣ ተሳስቶ ነው በይው። ስሜን ንገሪው። እንዳያስነሳው ብቻ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። የምትይዢው ሁሉ ይባረክልሽ። ለመልሱ አትደውዪ፤ ጻፊልኝ፣ በዓይኔ እሰማሻለሁ። እስከ ሐሙስ እዚሁ ጋራዥ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በእናትሽ ስም ላኪው።

የሚወድሽ አባትሽ