ሦስት ቤት አልፎ ያልደረሰኝ መርዶ

ልጄ ኖኤሚ፣ የሱያፓዋ እመቤታችን በሰው አገር ከክፉ ትሰውርሽ። እኔም ዶሮዎቹም ደህና ነን። ስልኬ ልብስ ሳጥብ ገንዳው ውስጥ ወድቃ ተበላሸች፤ ድምፄ የጠፋብሽ ለዚህ ነው።

የክርስትና እናትሽ ካሲሚራ አረፈች። ድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ያረዳን ነበር፤ አሁን መርዶ በስልክ ሆኗል። ሦስት ቤት አልፌ እየኖርኩ ሳልሰማ ተቀበረች። ከቤቷ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለው የበቆሎ ታማሌ ሽታ ሲመጣ የልደት ድግስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የዘጠነኛ ቀን ጸሎቷ ኖሯል።

እህቷ ገበያ ላይ ፊቷን አዞረችብኝ። «ስልኬ ተበላሽታ ነው» ብላት፣ «እግርሽም አብሮ ተበላሸ?» አለችኝ። የእናንተስ እግር፣ አልኩ በሆዴ።

ስልክ ከላክሽልኝ እሰየው። ብቻ እኔ የሞትኩ ዕለት ሰው በእግሩ ሄዶ ለጎረቤት እንዲናገር የሰፈሩን ሰዎች አደራ በያቸው። እግዜር ደጅሽን የሚያንኳኳ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ኡላሊያ