ለቆመው ሞተር ጤንነት እንኳን ደስ አለዎት

ለተከበሩ የወረቀት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰፊ ስክሪንም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፎርክሊፍት ነጂው፣ ወገቤን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ መሰንበቱን ስለሰማሁ ደስታዬን በአደባባይ ልገልጽልዎት ይህን ጻፍኩ።

እንደሚያስታውሱት፣ በየማሽኑ ላይ ሴንሰር ሲገጠም አዳራሽ ሰብስበውን፣ ይህች የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ ንዝረትና ሙቀት እየለካች የትኛው ክፍል ሊሰበር እንደተቃረበ አስቀድማ እንደምትናገር፣ ከእንግዲህም ጥገና የሚደረገው ከአደጋ በኋላ ሳይሆን ከአደጋ በፊት እንደሆነ ነግረውን ነበር። አጨበጨብን። ዕቃዋም እንደተባለላት ተናገረች፤ ጥፋቷም ይኸው ሆነ። ወረቀቱን የሚያደርቀው፣ እኛ በድምፁ የተነሳ አባ ጉርምርም የምንለው ትልቁ ሲሊንደር፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እየተበላ መሆኑን አሳወቀች። ኩሽኔታ ለመቀየር ደግሞ ምርት ማቆም ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ስለወሰዷቸው እርምጃዎች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የማስጠንቀቂያው ጩኸት ስብሰባ እንደሚረብሽ አስተውለው ድምፁን ስላስዘጉት እናመሰግናለን። አባ ጉርምርምን ራሱን ዝም ማሰኘት አለመቻሉ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

፪. ድምፅ አልባው ቀይ መብራትም ዓይን ስለሚያሳምም፣ ቀይ የሚጀምርበት ልክ ከፍ እንዲል አዘዙ። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ሐኪም ቤት ከመውሰድ ይልቅ ቴርሞሜትሩን በመገሠጽ ማዳን እንደሚቻል የተማርነው ያኔ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን አላዩም።

፫. አባ ጉርምርም ግን አጉል አመል አለበትና አዲሱንም ልክ አለፈ። ስለዚህ ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ ሴንሰሩ ከእሱ ላይ ተፈትቶ፣ መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ በተቀመጠው መጠባበቂያ ሞተር ላይ ታሰረ። የፈታውን የጥገና ሠራተኛ ምነው ብዬ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ ጋሼ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ። ሞተሩ ከኤሌክትሪክ ጋር አልተገናኘም። አይሞቅም፣ አይንቀጠቀጥም፣ አያማርርም። በስክሪንዎ ላይ በአባ ጉርምርም ስም አረንጓዴ የሚያበራው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጤነኛ ሠራተኛ በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎት።

፬. ይህች የግሌ ናት። ከአባ ጉርምርም ሥር የተቀደደ ወረቀት ስትጎትት የምትውለው ታናሽ እህቴ ናት። ኩሽኔታው ከለቀቀ ሲሊንደሩ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው። ቦታ ይቀየርልኝ ብላ የፈረቃ ኃላፊዋን ብትጠይቀው፣ ስክሪኑን አሳይቶ «አንቺ ከኮምፒውተር ትበልጫለሽ?» አላት። «አልበልጥም፤ ኮምፒውተሩ ግን እዚህ አይቆምም» ብላው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እቤት ይህን እየሳቀች ነው የነገረችን። በር ድንገት ሲዘጋ ግን ትዘላለች።

ስለዚህ ከታላቅ ትሕትና ጋር የምለምንዎት፣ ሴንሰሩ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስና ኩሽኔታው እንዲቀየር ነው፤ ይህ ለምርቱ የማይመች ከሆነ ደግሞ፣ በአረንጓዴው ላይ ካለዎት ጽኑ እምነት የተነሳ ጠረጴዛዎን አባ ጉርምርም አጠገብ እንዲያስቀምጡልን ነው። እህቴ ቦታዋን በደስታ ትለቅልዎታለች።

ሙቀትዎ ከልኩ እንዳያልፍ፣ ንዝረትም እንዳይደርስብዎ እየተመኘሁ፣ የማዘዝ ሥልጣንዎን በማክበር፣
ጥቅል ወረቀት አመላላሹ ታዛዥዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለጎብኚዎቹ የማሽኖቻችንን ጤንነት እያስረዱ መጥተው፣ አባ ጉርምርም ዘንድ ሲደርሱ መንገዱን ትተው በወረቀት ጥቅሎቹ ጀርባ እንደዞሩ ከፎርክሊፍቴ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። በፋብሪካው ውስጥ በትክክል የሚሠራው ሴንሰር እግርዎ መሆኑን ስለተረዳን፣ የእህቴ ፈረቃ ሠራተኞች በሙሉ ከነገ ጠዋት ጀምሮ እርስዎ በዞሩበት በጥቅሎቹ ጀርባ ይቆማሉ። ማሽኑ ሥራ ያቆማል ብለው እንዳይሰጉ፤ መቆሙ በስክሪኑ ላይ አይታይም።