ከስንዝር በታች የሆኑት

ኅዳር 3

ሙቀቱ ዛሬም አላስተነፍስ ብሏል። ባሮ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ የሚያቆሙበት ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሃያ ሁለት ዓሣ ለካሁ። አሥራ አራት አምባዛ፣ ስምንት ቆሮሶ። ሁሉም ወፋፍራም። የወንዙን ዓሣ የሚያጠናው አዶኒያስ የሰጠኝን መዝገብ በጥሩ ጽሕፈት ሞላሁ።

ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስሸጥ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። አሁን እስክሪብቶ ስይዝ፣ «እትዬ ወርቅነሽ፣ እንዴት አደሩ?» ባዩ በዛ። አስመሳይ ሁሉ...

ኅዳር 9

ዓሣ አጥማጁ ጎኝ ጉድ አመጣ። ጣት ጣት የሚያካክል ዓሣ፣ ሳህን ሙሉ! ከረግረጉ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ውሃ ተኝቶ የሚቀርበት ቦታ።

«እማማ፣ ይሄንንም ጻፊ።»

«አንሳልኝ! ይሄ ደግሞ ይጻፋል?»

«ምን አደረገሽ?»

አንቱታ አያውቅም። ሊማርም አላሰበ። በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለአንድ ጉርሻ የማይበቃ ዓሣ ለመጻፍ ነው? መዝገብ ክብር አለው። ስቆብኝ ሄደ። ሚስቱ ትቀቅለው።

ኅዳር 21

አዶኒያስ ከጅማ መጣ። መዝገቡን ገለጠ፣ ገለጠ...

«እማማ፣ እንዴት ያምራል! እንዲህ ያለ ጽሕፈት ተማሪዎቼም የላቸውም።»

ፊቴን አኮሳተርኩ፤ ደስ ማለቴን እንዳያውቅብኝ። የሪፖርቱ መጀመሪያ ገጽ ላይ ስሜን ያወጣዋል። ከነአባቴ ስም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ «ፊደል ለአንቺ ምን ሊያደርግልሽ?» ይል ነበር። ካለበት ቀና ብሎ ይይልኝ።

ኅዳር 22

አዶኒያስ ትናንት ሲወጣ የተናገረው ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

«ከስንዝር በታች አንድም የለም አይደል?»

«የለም።»

«እንግዲያው ረግረጉ ውስጥ ዓሣ አይራባም ማለት ነው። ለታሰበው መስኖ ቢደፈን ጉዳት የለውም።»

እኔም እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ነካኝ? ረግረጉ ሊደፈን... እኔ በጻፍኩት?

ኅዳር 24

ለጎኝ ነገርኩት። ይቆጣኛል ስል ሳቀ።

«እማማ፣ ትልቅ ዓሣ ትልቅ ሆኖ ነው የሚወለደው? አንቺስ ከነሻሽሽ ነው የተወለድሽው?»

ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ ረግረጉ አየ።

«ወንዙ ሲከብድ፣ መረብ እንቢ ሲል፣ ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ ነው።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክረው ያስፈረሙኝ ወረቀት ቤቴን ወስዶብኛል። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ምክንያት ነበረኝ። ዛሬስ ምን ልል ነው?

ኅዳር 26

አዶኒያስ ያረፈበት ሆቴል ሄድኩ። በእግሬ። ባለባጃጆቹ አሮጊት ሲያዩ ዓይናቸው ይታወራል። ደርሼ ሁሉንም ነገርኩት። የያዘውን ሻይ አስቀመጠ።

«ስንት ያህል መለሱ እማማ?»

«ብቆጥራቸው ኖሮ እጽፋቸው አልነበር?»

ግንባሩን አሸ።

«መዝገቡ አይሠራም ማለት እኮ ነው። ስምዎም አይወጣም።»

«አይውጣ።»

አፌ ነው ያለው። ሆዴ ግን...

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ትንሹም ትልቁም ይለካ ብዬ አልነገርኩዎትም።»

«አዎ፣ የአንተ ነው» አልኩት። ቢያንስ ግማሹ።

ታኅሣሥ 4

ስለ ረግረጉ መደፈን የተጠራው ስብሰባ ዛሬ ነበር። አዶኒያስ መዝገቡ ጎዶሎ መሆኑን ተናገረ። አንድ ክራቫት ያሰረ ሹም፣ በዚህ ሙቀት ክራቫት!፣ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ ራስዎ የጻፉትን ራስዎ ሊክዱ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ተነሣሁ።

«የጻፍኩት እውነት ነው። ያልጻፍኩት ግን ይበልጣል።»

ከዚያ ስለ ሳህኑ ነገርኳቸው። ንቄ የመለስኳቸውን፣ ለምን እንደናቅኳቸው... ሁሉንም። ሳቁ ቆመ። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ዓሣው እንደገና ይቆጠር፣ ረግረጉ እስከዚያ አይነካ ተባለ። ጨርሶ ይቅር አላሉም። እስከዚያ ነው ያሉት።

ጎኝ በር ላይ ጠበቀኝ።

«እማማ፣ ድምፅሽ ወንዙ ድረስ ተሰማ። ዛሬ መረቤ ባዶ ነው፤ ዓሣውን አስበረገግሽብኝ።»

ሂድ ወዲያ አልኩት። ዘንቢሌን ተሸክሞልኝ ቤት ድረስ መጣ።

ታኅሣሥ 11

ስሜ ከሪፖርቱ ተሰረዘ። ያማል። ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ...

ታኅሣሥ 15

አዲሱ ቅጽ ደረሰኝ። ከስንዝር በታች ለሆኑት አንዲት ጠባብ ዓምድ ትተውላቸዋል። ጎኝ ከንጋት ጀምሮ ሁለት ሳህን ይዞ ዛፉ ሥር ቆሟል፤ ሚስቱም ሦስተኛ ጨመረች። ከልብስ ሰፊ በተዋስኩት ሜትር አንድ በአንድ ለካሁ። ያንሸራትታሉ። መነጽሬ በላብ ይንሸራተታል። ጎኝ «ያቺን ዘለልሽ!» እያለ ያበሽቀኛል። ረፋድ ላይ ወረቀቱ ሞላ። ለአዶኒያስ ደወልኩ።

«ልጄ፣ የላክኸው ቅጽ ቦታ የለውም።»

«ስንት ሆኑ እማማ?»

«እኔ እንጃ። ገና የመጀመሪያው ሳህን ላይ ነኝ።»