ጾም የማያውቁት ጥንዚዛዎቼ

ነሐሴ 5፣ ደብረ ማርቆስ

ሥጋ ቤቶቹ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ዝግ ናቸው። እኔ እጾማለሁ፤ ጥንዚዛዎቼ ግን አይጾሙም። ለባዮሎጂ ተማሪዎቼ የማሳየውን የከርከሮ ራስ ቅል ልቅም አድርገው አጽድተውልኝ አሁን የሚበሉት አጡ። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት ገና ጥንዚዛ ያልሆኑት ትሎቻቸው እርስ በርሳቸው መበላላት ጀምረዋል። ቋንጣ አጥቤ ሰጠኋቸው፤ በርበሬው ነው መሰል ዞር ብለው አላዩትም። ሥጋ ሳይቀመም ማድረቅ የነበረብኝ ከጾሙ በፊት ነበር። ሞኝ!

ከሰዓት አከራዬ እትዬ ዝናሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሬን ክፍት አገኙትና ገቡ። ጥንዚዛዎቹን እስከ ዛሬ ደብቄባቸው ነበር። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ብል አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እትዬ።»

«የባለቤቴን አጎዛ የበላብኝ?»

«እሱን እንኳ የበሉት እኔ ሳልመጣ ነው» አልኩ። ቤቴን ልቀቅ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ምን እንደሚሠሩልኝ ነገርኳቸው፤ ነጩንም ራስ ቅል አሳየኋቸው። በጣታቸው ነካ አድርገውት ወጡ።

ሲመለሱ ሟቹ ባለቤታቸው ይቀመጡበት የነበረውን፣ ብል ያነተበውን አጎዛ ታቅፈው ነበር።

«ጀምረውታል፤ ይጨርሱት» አሉኝ።

ቆርጬ ለጥንዚዛዎቹ ሰጠኋቸው። አሁን ይህን ስጽፍ ቀጭን የመቆርጠም ድምፅ ይሰማኛል። ጾሙን ሳይሻገሩት አይቀሩም።

የሳጥኑን መክደኛ ግን እንዳያመልጡ ደጋግሜ እያየሁት ነው። እትዬ ዝናሽ የሚተኙት በሌላው፣ ብል ባልነካው አጎዛ ላይ ነው።