በእርስዎ ስም ባሕር ልናይ ስለሄድነው ስለ እኛ

ሚያዝያ ፱ ቀን እናቴ ባሕሩን ሳታይ ከባሕር ተመለሰች።

ለተከበሩ የጉዞ ወኪሎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የመንገዳችን ብቸኛ የጉዞ ወኪል ቢሮ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎና ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ እርስዎም ባለፈው ሳምንት በጋዜጣ ላይ በግልጽ ስለመከሩን ነው። «የዕረፍት ጉዞዎን በራስዎ ስልክ አይያዙ፤ ለባለሙያ ይተዉት» ብለዋል። ምክሩ የደረሰኝ ከጉዞው ከተመለስኩ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ቢሆንም አልተጎዳሁም፤ ሳልሰማው በፊት ፈጽሜው ነበርና።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የእናቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረው ደግሞ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ነው። የዓይን ሐኪሟ ነገር ማለሳለስ የማታውቅ ሴት ናት፤ «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዘንድሮ ይዩት» አለቻት። እናቴ ብዙ አላሰበችም፤ ባሕር አለች። ባሕር የምታውቀው ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ዳር የለውም የሚባለው እውነት መሆኑን ራሷ ማረጋገጥ ትፈልጋለች። በሰው ወሬ የምታምን ሴት አይደለችም።

ልጄ በስልኳ ልትይዝላት ተነስታ ነበር። «አባዬ፣ ሻይህን ሳትጨርስ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። እኔ ግን ፊት ለፊቴ ሰው ካልተቀመጠ ነገር ተፈጸመ ብዬ አላምንም። ስልክ አንገት የለውም፤ ነገር ቢበላሽ ምኑ ይያዛል? የእርስዎ አንገት ግን ከነክራቫቱ ይታይ ነበር። ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣን።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቢሮዎ አመሰግናለሁ። ግድግዳዎ ላይ የየአገሩን ሰዓት የሚያሳዩ ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ቆሟል፤ የዚያ አገር ሰዎች እስካሁን ምሳ ላይ ናቸው። የላስቲክ ዘንባባዎ አቧራው ቢበዛም ቆሟል። ለእናቴ በገዛ እጅዎ ወንበር ስበው፣ «እማማ፣ መስኮቱን ሲከፍቱት ባሕሩ አልጋዎ ላይ ነው» አሏት። እሷም «አልጋው ላይስ አይምጣ፣ ባለበት ይቆየኝ» ብላ መለሰችልዎ። ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን ሁላችንም ደህና ሰዎች ነበርን።

፪. ስለ ሙያዎ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተርዎ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ፊቱን ለእርስዎ ብቻ ያሳያል፤ ከኋላዎ በመስታወት የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ግን ገጹን ሁሉ እየመለሰ ያሳየን ነበር። ልጄ ጎኔን ነካ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ትናንት እኔ ያሳየሁህ ነው፤ ፎቶው ራሱ ያው ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዝም በይ፤ እሳቸው የሚያዩት ሌላ ነው» አልኳት። እውነትም ሌላ ነበር፤ የእርስዎ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል።

፫. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ስለሚረዝም ይታገሡኝ። ሆቴሉ እንደደረስን የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ስማችንን ፈልጋ አጣችው። እርስዎ የሰጡንን ወረቀት ስናሳያት ግን ፊቷ በራ። «ውይ፣ ደንበኛችን! እንኳን በደህና ተመለሱ!» ብላ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ከየት ነው የተመለስኩት?» አለችኝ። ቆይቶ እንደገባን፣ እርስዎ ሁሉንም ደንበኛ የሚያስይዙት በራስዎ ስም፣ በራስዎ ስልክና በራስዎ ኢሜይል ነው። የጎረቤታችን ሙሽሮች፣ ጡረተኛው መምህር ከነባለቤታቸው፣ ልጆቿን አስከትላ የሄደችው ነርስ፣ እናቴ፣ ሁላችንም በዚያ ሆቴል ዘንድ አንድ ሰው ነን፤ እርስዎ። አንዴ ከሙሽራ ጋር፣ አንዴ ከሕፃናት ጋር፣ አንዴ በምርኩዝ እየመጡ ትንሽ ግራ ሳያጋቡት አይቀሩም፤ ሆኖም ይወድዎታል። ስለሚወድዎም ነጥብ ይሰጥዎታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ነጻ አልጋ ይሆናል። እኛ በተኛን ቁጥር እርስዎ ያርፋሉ። እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል የትም አላየሁም።

ባሕሩን የሚያዩት ክፍሎች ለጥገና ተዘግተው ነበር። የሆቴሉ ግቢ በባሕሩ በኩል፣ ከግቢውም አልፎ የዳርቻው መንገድ፣ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቆርቆሮ ታጥሯል። ሠራተኛዋ ከልቧ አዘነች። «ደጋግመን ጽፈንልዎት ነበር እኮ፤ ቀኑን ይቀይሩ ብለን ለምነናል፤ ዝም ሲሉን ተስማሙ ብለን ነው» አለች፣ አሁንም ለእናቴ። መልእክቱ ለእንግዳው ተልኳል፤ እንግዳው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስደውልልዎ «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ መልእክት በቀን ስንቱ ይመጣል መሰለህ? ሁሉን ካነበብኩ መቼ እሠራለሁ?» አሉኝ። ልክ ነዎት። ልጄ ብትይዘው ኖሮ የሚመጣላት መልእክት አንድ ብቻ በሆነና፣ ሌላ ሥራ ስለሌላት ባነበበችው ነበር። የባለሙያና የተራ ሰው ልዩነት ይኸው ነው።

ክፍት ዳርቻ አለ ወደተባለበት የሚወስደን መኪና ስናገኝ መሸ፤ በጨለማ የእናቴ ዓይን ምንም አይለይም። የቆረጡልን የመመለሻ ትኬት ደግሞ የማግስቱ ማለዳ ነበር። ከመምሸቱ በፊት ግን እናቴ ቆርቆሮው ሥር ቆማ ነበር። ከወዲያ ማዶ ማዕበሉ ይመታል። በእጇ እየዳሰሰች የሚስማር ቀዳዳ አገኘችና ደህናውን ዓይኗን አስጠጋች። «ምን ይታይሻል?» አልኳት። «ሌላ ቆርቆሮ» አለች።

፬. እኔ በር ሠሪ ነኝ። የሰው ቤት በር ሰቅዬ ቁልፉን በኪሴ ይዤ ሄጄ አላውቅም። ይህን ያህል ኋላ ቀር ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወኪል ሁሉ እንደ እርስዎ የረቀቀ ነው ለማለትም አልደፍርም። እህቴ የምትገለገልባት አንዲት ወኪል አለች፤ ሆቴሉ ጋ ደውላ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ደረጃው መደገፊያ እንዳለው ትጠይቃለች፤ የተጓዡንም ስልክ ራሷ አስመዝግባ ትሰጣለች። እንዲህ ያለችው ሴት የሙያውን ክብር ስለምታጎድፍ፣ ማኅበርዎ አንድ ቀን ቢያባርራት አይገርመኝም። እርስዎ ግን ሰብሳቢነቱ ይገባዎታል፤ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ስም የሰበሰበ ሌላ ሰው አላውቅም።

በሆቴሉ ዘንድ እርስዎ የሆንኩት፣ የእርስዎም እናት የሆነችው የእናቴ ልጅ፣

በር ሠሪው

በኋላ የተጨመረ፦ ይህን የምጽፈው እርስዎ ቢሮ፣ ባንኮኒዎ ላይ ቆሜ ነው። ቅጂውን በእጅዎ ልሰጥ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ የሉም አለችኝ። ለካ የዚያ ሆቴል ጥገና አልቆ፣ በነጥብዎ ባሕሩን የሚያየው ክፍል ደርሶዎታል። «መስኮቱን ሲከፍቱት አልጋቸው ላይ ነው አሉ» አለችኝ፣ ስለ እርስዎ ደስ ብሏት። እንኳን ደስ ያለዎ፤ እናቴ የተኛችበት ሌሊትም በዚያ ነጥብ ውስጥ አለበት።

አሁን ጸሐፊዎ ደብዳቤው ደርሷል የሚለውን ማኅተም ፍለጋ ጓዳ ገብታለች። ልጄ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ዳርቻ ይዛለች፤ ሻዬን ሳልጨርስ። የያዘችው በአያቷ ስም ነው። ዛሬ ጠዋት ሆቴሉ፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ ምድር ቤት ብናደርግዎስ ብሎ ጽፎላት፣ እናቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችው፤ «ከምድር ቤቱ ባሕሩ ከታየ እሺ፣ ካልታየ በደረጃው እወጣለሁ በያቸው» ብላ መልሱን አስጻፈች። ይታያል ብለዋል። አላመነቻቸውም፤ ልታረጋግጥ እየሄደች ነው።

ታክሲው ደጅ ቆሟል። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ ጥሩምባውን ራሷ እየነፋችው መሆኑ ያስታውቃል። ጸሐፊዎ ማኅተሙን ገና አላገኘችም። ሲገኝ ይምቱበት፤ እኔ ወጥቻለሁ።