ልብስ ሰፊም ገበሬም ስላልነበሩት አባላችን ዕረፍት

ለማኅበሩ አባላት፣ ለድርጅቱ ሠራተኞች፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ለሚያነብም ሁሉ፤

የጉድጓድ ብረት አውራጆች ጡረተኞች ማኅበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በነዳጅና በጋዝ ጉድጓድ ያገለገሉት አንጋፋ አባሉ ባለፈው እሑድ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ማረፋቸውን ሲገልጽ ሐዘኑ ከባድ ነው። ንዴቱም እንደዚያው። ይህ ስለ እኚህ ሰው ዕረፍት የወጣ ሦስተኛው ማስታወቂያ ነውና። የፊተኞቹን ሁለቱን ያወጣው የድርጅቱ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ነው።

የሰኞው ማስታወቂያ “በልብስ ስፌት ሙያ ያገለገሉ” ይላል። ፋይላቸው ላይ “የገበር ባለሙያ” የሚል አይተው ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሦስት ፎቅ በእግራችን ወጥተን፣ “ልብስ ሰፊ አይደሉም፤ ከገበሩ የተነሣ ገበሬው እያልን የምንጠራቸው የሥራ ጓዳችን ናቸው” ብለን አስረዳን። ጸሐፊዋ “እሺ አባቶች፣ አሁኑኑ ይታረማል” አለች። ታረመ። የማክሰኞው ማስታወቂያ “ታታሪ አርሶ አደር” ይላል።

ይህንንም በሆዳችን ይዘን ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ልጃቸው የማክሰኞውን ወረቀት ለመቃብር ድንጋይ ቀራጩ ሰጥታዋለች፤ እርሱም ነገ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ይጀምራል። ድንጋይ ደግሞ እንደ ወረቀት ተቀድዶ አይጣልም። ስለዚህ የሰውየው ሥራ ምን እንደነበረ ዛሬውኑ መጻፍ ግድ ሆኖብናል።

ጉድጓድ ሲቆፈር ግድግዳው እንዳይናድ፣ ውሃና ጋዝም እንዳይደባለቁ፣ ኬሲንግ የሚባል የብረት ቱቦ ከአፉ ጀምሮ ይወርድና ዙሪያው በሲሚንቶ ይሞላል። ቁፋሮው ሲጠልቅ ቀጠን ያለ ሌላ ቱቦ ይጨመራል። ይህኛው እስከ አፍ አይመጣም፤ ራሱ በኬሲንጉ ታችኛ ጫፍ ውስጥ ተደራርቦ፣ ቀሪው ወደ ጥልቁ ይንጠለጠላል። ገበር የምንለው እሱን ነው። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታየውም። ስላልታየው ግን የለም ማለት አይደለም።

በ1966 ቧንቧ ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። በ1969 ወይም በ1970 የገበር ቡድን መሪ ሆኑ። መዝገቡን አይጥ በልቶታል፤ ስለ አይጡም ለክፍሉ ሦስት ጊዜ አመልክተናል።

በ1974 ጥንቸል የምንላት የልኬት ብረት በውስጡ ሳታልፍ አንድም ቧንቧ እንዳይወርድ ደንብ አስወጡ። ሥራ አዘገዩ ተብለው ተሰደቡ። በዚያው ሳምንት ጥንቸሏ አንዱ ቧንቧ ውስጥ ተቀርቅራ ቀረች፤ ሲታይ የሥራ ጓንት ተወሽቆበት ተገኘ። ጓንቱ የማን እንደነበረ በዚህ መግለጫ አይጻፍም። ባለቤቱ በሕይወት አለ፤ እርሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ለማንም አልተናገሩበትም።

በ1983 በዘጠነኛው ጉድጓድ፣ ገበሩ ከኬሲንጉ ጋር መቶ ሜትር መደራረብ ሲገባው፣ አለቃው “አርባ ይበቃል” አሉ። ሟቹ “ለእርስዎ ኮት ይበቃል” ብለው ቧንቧው ላይ ተቀመጡ። ሁለት ቀን ተኩል አልተነሡም፤ ምሳቸውንም እዚያው በሉ። መቶ ወረደ። የአሥረኛው ጉድጓድ ገበር ሲወርድ እርሳቸው ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ አርባ ወረደ። በመደራረቢያው በኩል ጋዝ ወጣ፤ አምስት ወር ሙሉ ሲሚንቶ ስንግተው ከረምን። መጥቶ “ልክ ነበሩ” ያላቸው አለቃ የለም።

በ1997 ጡረታ ሲወጡ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። እሱም ላይ የተጻፈው “ለቧንቧ ጥገና” ነው።

ዛሬ ልጃቸው ወደ ማኅበሩ ክፍል መጥታ ሁለቱን ማስታወቂያዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። “አባዬ ቁልፍ እንኳ ተክሎ አያውቅም። በሬም ከሥጋ ቤት ውጭ ያየ አይመስለኝም። ሰው ሲጠይቀኝ ‘ነዳጅ ቦታ ነው የሚሠራው’ እያልኩ ነው ያደግሁት። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ጋሼዎቼ፣ ምን ነበር ሥራው?” አለች። ኮታችንን አውልቀን እጅጌውን ገልብጠን አሳየናት፤ ውጩ ኬሲንግ፣ ውስጡ ገበር። “ታዲያ ልብስ ሰፊ ቢሉት ምን ያስቆጣችኋል!” ብላ ሳቀች። ያስቆጣል። ሳቋን ስትጨርስ ገበሩን በጣቶቿ ይዛ ቆየች።

“ስንት አወረደ?”

“አርባ አንድ።”

“ስንቱ ተበላሸ?”

“አንዱም።”

“እንደሱ ብላችሁ ጻፉልኝ” አለች።

ማኅበሩ ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና በሕይወት ላለነው አሥራ አራት የገበር ቡድን ባልደረቦች ይህን ሐዘን የምንችልበትን ጉልበት ይመኛል። የሠራተኛ አስተዳደር ክፍልም አራተኛ ማስታወቂያ ባለማውጣት እንዲተባበረን በአክብሮት እንጠይቃለን። ይህ መግለጫ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ለታይፕ አልተሰጠም፤ የነገርነው ምን ሆኖ እንደወጣ አይተናል። የፊደል ስሕተት ቢገኝበት የጸሐፊው ነው። የሥራ ስሕተት ግን አይገኝበትም።

በድንጋዩ ላይ ከስማቸው በታች የሚቀረጸው ይህ ብቻ ነው፦

“የጉድጓድ ገበር አውራጅ ነበሩ። አርባ አንድ አወረዱ፤ አርባ አንዱም በቦታቸው ናቸው።”

ለድንጋይ ቀራጩ፦ “ገበር” የሚለው መጨረሻው ር ነው። ሬ አይደለም። መዶሻህን ከማንሣትህ በፊት አንድ ጊዜ ደግመህ አንብበው።