የአባዬ ቮልስ በጭስ የወደቀች ጊዜ

ለውድ እኅቴ ለወይዘሮ ዘርትሁን ዳምጠው
ናይሮቢ

እታለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከምድጃው ፊት ቆመሽ ትውያለሽ? ገሪማስ እንዴት ነው? የምግብ ቤታችሁ ገበያ እንዴት ይዟችኋል? ይዲድያ የአባቱን ትከሻ አለፈ ብለሽ ስትነግሪን እማዬ አላመነችም፤ እሷ እስካሁን የምታስበው ያኔ አዝላ የሸኘችውን ሕፃን ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ምስጋና ለፈጣሪ። ከቤቱ የታመመ ቢኖር የአባዬ ቮልስ ብቻ ነበረች፤ እሷም አሁን ተሽሏታል። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ስለ እሷ ሕመም ነው። ሕመሙ የመጣው ከእኔ ነውና ለአንቺም ሳልናዘዝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ደብቄሽ አይደለም። አባዬ የስልኩ ድምፅ ተለቅቆ ካልሆነ አይሰማኝም ይላል። እማዬ ደግሞ አንቺ ያልሽውን ሁሉ ከፍ አድርጋ ስለምትደግመው፣ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ያንቺን የወገብ መድኃኒት ስም ከነአወሳሰዱ ያውቁታል። እንዲህ ባለ ቤት ምስጢር በስልክ አይወራም። ስለዚህ ደብዳቤውን በሙሐሲን እጅ ልኬዋለሁ፤ አስፋልቱ ዳር ጨርቅ የሚሸጠው፣ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ የሚመላለሰው ሙሐሲን ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ይሰጥሻል። የጥቅሉን ነገር በኋላ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ እንዳትከፍቺው።

በጥር ወር ቦሎ ለማሳደስ ሄድን። እንደ ድሮው መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ድሮ መብራት አብርተሽ፣ ጥሩምባ ነፍተሽ፣ ፍሬን ረግጠሽ ትወጪ ነበር። አሁን ጭስ የሚለካ ማሽን መጥቷል። ቀጭን ቱቦ ማርሚታው ውስጥ ይከቱና ነዳጅ ስጥ ይሉሻል፣ ማሽኑም ጭሱን አሽትቶ ቁጥር ያወጣል። አባዬ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቡና ሲያሸት የኖረ ሰው የሚያሸት ማሽን መጣ ሲሉት የሥራ ባልደረባ ያገኘ መሰለው። ቮልሷን በዋዜማው አጥቦ፣ ጠዋት ያንን ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባት አሥሮ ሄደ።

ነዳጅ ስጥ ሲባል ሰጠ። እታለም፣ ያን ጭስ ብታዪው! ግቢው ጠቆረ። ከኋላችን ወረፋ የያዙት የባጃጅ ሾፌሮች ባጃጃቸውን ጥለው ሸሹ፤ አንደኛው እየሳለ ቮልስ ናት ወይስ ዳቦ ቤት ብሎ ጠየቀ። መርማሪዋ ቱታ የለበሰች ወጣት ናት። ቁጥሩን አየች፣ ደግማ ለካች፣ ሦስተኛም ለካች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ወድቃለች ብላ ጻፈች። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አስተካክላችሁ ካላመጣችኋት ቦሎ አታገኝም፣ መንገድ ላይም አትወጣም አለችን። አባዬ አልተከራከረም። ስሟን ብቻ ጠየቃት። ቦንቱ ባልቻ አለችው። የትኛው ባልቻ ቢላት፣ የዱመርሶው አለች። አባዬ ኮፍያውን አወለቀ፣ ትንሽ ቆየና መልሶ አደረገው።

የዱመርሶውን ባልቻ የምትረሺው አይመስለኝም። አባዬ የቡና መርማሪ በነበረበት ዘመን፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሃያ አራት ጆንያ ቡናውን የጭስ ሽታ አለበት ብሎ የጣለበት ሰውዬ ነው። ባልቻ ገበያ መሐል ቆሞ ይህ አፍንጫህ ይደፈን ብሎ ረገመው። ከዚያ ወዲህ አባዬን ጉንፋን በያዘው ቁጥር እማዬ ዝንጅብል እያፈላች ይኸው የባልቻ እርግማን ትል ነበር። እንግዲህ የዚያ ሰውዬ ልጅ የአባዬን መኪና በምን ጣለቻት? በጭስ! እኛ ቤት ሳንደርስ ወሬው ዲላን አዳርሷት ነበር።

ጎረቤቱ ልክ ታማሚ እንደሚጠይቅ ተራ በተራ መጣ። ቮልሷን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ከንፈራቸውን መጥጠው፣ እግዜር ይማራት ብለው ገብተው ተቀመጡ። ልጅቷ የአባቷን ቂም ነው የተወጣችው የማይል አልነበረም። አንዱ ማርሚታው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቁበት አለ፣ ሌላው ለአንድ ቀን የሌላ ቮልስ ማርሚታ ተዋሱ አለ። እማዬ ማንንም ሳታማክር ሞተሩ ላይ ጠበል ረጨችበት። እኔም አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ የሚያውቃት ሰው ፈልገን ልጅቷን ብናናግራትስ አልኩ። አባዬ በእኔ ላይ እንዲያ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማሽኑ የሚዋሸው ምን አግኝቶ ነው አለኝ። ቀጥሎም በግዋን አነሣብኝ። ያችን የፋሲካ ዋዜማ በግ አስታወስሻት? ቡናው እንዲያልፍለት ነጋዴው አምጥቶ በራችን ላይ ያሠራት፣ እኔና አንቺ ጠዋት ስም ያወጣንላት፣ ማታ አባዬ ሲመልሳት እያለቀስን እስከ አስፋልቱ የሸኘናት።

ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ቮልሷ ቆመች ማለት አባዬ ቆመ ማለት ነው። ዓይኑ ሐዋሳ ከታከመ ወዲህ ከእኔ የተሻለ ያያል፤ ጉልበቱ ግን የእኛን ዳገት አይወጣም። ያለ እሷ ቤተ ክርስቲያን አይሄድ፣ ጡረተኛ ጓደኞቹ ጋ አይሄድ። በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው መጥቶ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ቆማ ከምትዝግ ሽጡልኝ ብሎን ሄደ። አባዬ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

አሁን ኃጢአቴን ስሚ። በእኛ ቤት ቡና ይጠጣል እንጂ አይነገድም የሚለውን የአባዬን ሕግ ታውቂዋለሽ። መርማሪ ሳለ ሕጉ የሚገባ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላም ግን አልሻረውም። የእኔን የቤተ መጻሕፍት ደመወዝ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ኅዳር ላይ አባዬ ለዓይኑ ሐዋሳ አክስታችን ቤት ሲሰነብት፣ ቮልሷን ለእኔ ትቷት ሄዶ ነበር፤ ሞተሯን አልፎ አልፎ እያሞቅህ አቆያት ብሎ። እኔ እስከ ገደብ ከተማ ድረስ አሞቅኋት። ከጣሪያዋ በላይ ባለው ፖርቶመጋላ ላይ ሁለት ሁለት ጆንያ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ እየጫንኩ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሳልመልሳት በፊት ውስጧን ጠርጌ፣ ውጪዋን አጥቤ፣ መቀመጫዎቹን ሽቶ ረጭቻለሁ። ሞተሯ ከኋላ መሆኑን፣ ከጆንያው የሚረግፈው ገለፈት ሁሉ ከኋላ መስኮቷ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብቶ እዚያው እንደሚቀር ግን አላሰብኩትም።

በስምንተኛው ቀን ወናጎ ወንድይፍራው ዘንድ ወሰድናት፤ የቮልስን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም የሚለው መካኒክ ነው። ካርቡራተሩን አጠበ፣ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ አስነሣት። ያው ጭስ! ሞተሩን ማውረድ ነው ሲል አባዬ በእጁ ዝም አሰኘውና ነዳጅ ስጥ አለኝ። ከዚያ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ከማርሚታው ኋላ ቁጢጥ አለ። ኮፍያውን ለወንድይፍራው አስያዘ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ ድሮው የሥራ ቦታው፣ ጭሱን በአጭር በአጭሩ በአፍንጫው ሳበ። ሳለ፣ ዕንባውን ጠረገና ደግሞ ሳበ። ወንድይፍራው ሽማግሌው አእምሮውን ሳተ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ።

አባዬ ብድግ አለና ጀንፈል ነው አለ። ትንሽ አሰበና የገደብ ነው አለ። መሬት ላይ ነው የደረቀው፣ ዝናብም ነክቶታል፣ ከኅዳር አጋማሽ አያልፍም አለ። እታለም፣ እግሬን ከነዳጁ አነሣሁ። ወንድይፍራው እየሳቀ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ሲከፍተው ገለፈቱ እፍኝ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ከየት መጣ ብሎ እሱ ገርሞት ይጠይቃል፤ አባዬ ግን እኔን ነበር የሚያየው።

ከወናጎ ወደ ዲላ ተመለስን። ቮልሷ አዲስ ተወልዳ፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ሳል ትሄዳለች፤ እኔ መሪውን ይዤ ላብ ያጠምቀኛል። በራችን ላይ ስንደርስ አላስቻለኝምና ሁሉንም ነገርኩት፤ ገደቡን፣ አምስቱን ጉዞ፣ ሽቶውን ሳይቀር። ከቤቴ ውጣ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የጠየቀኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንተ የእኔ ልጅ ሆነህ ዝናብ የነካው ጀንፈል ትገዛለህ? የቤቱን ሕግ ማፍረሴ ሳይሆን መጥፎ ቡና መግዛቴ ነው ያንገበገበው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በመጣ ቁጥር እኔን አየት እያደረገ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሱፉን ለብሶ ተመለስን። ቦንቱ ቱቦውን ከተተች፣ ቁጥሩን አየች፣ አልፋለች ብላ ጻፈች። የባጃጆቹ ሾፌሮች አጨበጨቡ። አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎ አልሄድ አለ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ልጄ፣ የአባትሽ ቡና የዚያን ዓመት እውነት ጭስ ነበረበት ወይስ በድዬው ነው ብሎ ጠየቃት። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዞ መኖሩን እኔ አላውቅም ነበር። ቦንቱ ሳቀች። ያን ዓመት ዝናቡ አላቆም ብሎ እናቴ ቡናውን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ነበር ያደረቀችው አለችው። አባቴ እርስዎን የሚረግመው ገበያ ላይ ነው እንጂ፣ ቤት ሲገባ ያ ሰውዬ አፍንጫው አይሳሳትም ይል ነበር አለችው። አባዬ መኪናው ውስጥ ገብቶ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ከዚያ ዱመርሶ ንዳኝ አለኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በባልቻ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። ባልቻ አፍንጫህ እስካሁን አለ ወይ አለው፣ አባዬም በእርግማንህ ጉንፋን አጠገበኝ አለው፤ ተቃቅፈው ቀሩ። ስንወጣ ባልቻ የዘንድሮ ቡናውን ሁለት ኪሎ አምጥቶ ለአባዬ ዘረጋለት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከገበሬ እጅ ፍሬ ቡና ተቀብሎ አያውቅም። ተቀበለው። እፍኝ ዘግኖ ሦስት ጊዜ አሸተተው፤ ባልቻ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ነበር። ከዚያ አባዬ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ቡናው በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ጭስ የለበትም ብሎ ጻፈና ፈረመበት።

የቤቱ ሕግም ተሻሻለ። ቡና መነገድ ተፈቅዶልኛል፤ ግን አባዬ ሳያሸት አንድ ፍሬ አልገዛም። በየገበያው ቀን ከጎኔ ተቀምጦ ይወጣል። ይኸው አራት ገበያ ወጣን፣ አንድ ኪሎ አልገዛሁም። አንዱን መሬት ነክቶታል፣ አንዱን ጆንያው ሸትቷል እያለ የገደብን ገበያ እንዳለ ጣለው። ሕመሟ ባይሽራት ኖሮ ነጋዴው የቮልሷን ጭስ ከሩቅ አይቶ ይጠነቀቅ ነበር፤ አሁን ያለ ጭስ ከተፍ ስለምትል ሁሉም ይረግሙኛል። እኔ ግን በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አልከሰርኩም።

አሁን ጥቅሉን ክፈቺው። የባልቻ ቡና ነው፤ ጽሑፉም የአባዬ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ እንዳትጥይው። እማዬ ወገብሽን በሞቀ ጨርቅ እሠሪ ትላለች። ባለቤቴ መንበረና ልጃችን ሀሌሉያ ናፍቀውሻል፤ ሀሌሉያ ለይዲድያ የቮልሷን ሥዕል ሠርታለታለች፣ ጭሱን ግን አባዬ አስፍቋታል። ለገሪማ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፣ ይዲድያን በእኔ ስም ግንባሩን ሳሚው። አባዬም ሰላም ብሎሻል፤ መልእክቱን ቃል በቃል ጻፍልኝ ስላለኝ ይኸው፦ ቡናውን ስትቆዪ መስኮቱን ክፈቺ፤ ጭስ ከገባበት ያንቺ ነው እንጂ የባልቻ አይደለም።

ወንድምሽ ባርናባስ ዳምጠው
ዲላ፣ መጋቢት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.